ከአልጋዬ ሳልነሳ ካናዳ የሄድኩበት ጠዋት

ካናዳን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ፓስፖርት እንኳ የለኝም። ቢሆንም ዛሬም ድረስ የላሊበላን የቅዳሜ ገበያ ሳቋርጥ «ካናዳው! መቼ ተመለስክ?» እያሉ የሚጠሩኝ አሉ። እኔም «ትናንት» ብያቸው አልፋለሁ። ይህን ስም ያወጣልኝ አንድ ሌባ ነው። ማን እንደሆነ እስካሁን አላወቅኩም። ባገኘው መጀመሪያ በጥፊ አጮለዋለሁ፣ ቀጥዬ ምሳ እጋብዘዋለሁ። ጥፊው ለምን እንደሆነ ቶሎ ይገባችኋል፤ ለምሳው ግን እስከ መጨረሻው ታገሱኝ።

ታደለ እባላለሁ፤ ሥራዬ አስጎብኚነት ነው። አባቴ ቄስ ነበሩ። በልጅነቴ ስላረፉ ዳዊት ያስደገሙኝ፣ ለድቁናም ያደረሱኝ የነፍስ አባታችን ቄስ ምስጋናው ናቸው። ምላሴ አያርፍም። እናቴ «አንተ እኮ ድንጋይም ታናግራለህ» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ እንግዳው ድንጋይ ሊያይ ይመጣል፣ እኔ ድንጋዩ የሚለውን እነግረዋለሁ፣ በዚህ እንኖራለን።

ችግሩ ይህ ምላሴ የማይሠራበት አንድ ቤት መኖሩ ነበር። ቤቱ ከላሊበላ ወጣ ብሎ ገነተ ማርያም ነው፣ የመሪጌታ ይትባረክ። መሪጌታ የብርቱካን አባት ናቸው። ብርቱካን ደግሞ ላሊበላ የምታስተምር፣ በዚህ ዓለም ላይ እኔን ዝም ማሰኘት የምትችል ብቸኛ ሰው ናት። ተዋደን ሰነበትንና ቄስ ምስጋናውን ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ላክሁ። መሪጌታ «አስበን እንንገራችሁ» አሉ። ደግሜ ላክሁ።

«ልጁ ክፉ አይደለም» አሉ በሁለተኛው። «ግን አስጎብኚ እግሩ እዚህ ነው፣ ልቡ አውሮፕላን ላይ። ስንቱ እንግዳ ተከትሎ ሄደ? ልጄን አግብቶ በዓመቱ ባሕር ማዶ ቢሻገር ማንን ልከስ ነው?»

ሽማግሌዎቹ ምለው ተገዝተው ሌላ ቀጠሮ ለመኑ። መሪጌታም ጥቅምት ላይ አንድ ቅዳሜ ሰጡና «ያን ቀን ወይ እሰጣለሁ፣ ወይ ሁለተኛ አትምጡ እላለሁ» አሉ።

አሁን ስለ መተግበሪያው ልንገራችሁ። ስሙን አልጠራም፤ ዛሬ ማንም አይጠቀምበትም። በዚያ ሰሞን ግን የእኛ ከተማ ሰው መልእክት የሚላላከው በእሱ ነበር። ኔትወርክ ደከም ሲል ይሠራል፣ ዳታ አይበላም። ስትጭኑት ስልክ ቁጥራችሁን ይጠይቅና «ከእርስዎ ሌላ ማንም የማያውቀው ቃል ያስገቡ» ይላል። በቃ፣ ሌላ ጣጣ የለውም። ቁጥራችሁንና ያቺን ቃል ያገኘ ሰው ከየትም ሆኖ፣ በየትኛውም ስልክ፣ እናንተን ሆኖ ይገባል። ኮድ አይልክም፣ «እርስዎ ነዎት ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። ይሄ ቀላልነቱ ነበር ደስ የሚለን፤ ሞኝነታችን!

እንግዲህ የላስታን ሰው «ማንም የማያውቀው ቃል» ብላችሁ ብትጠይቁት ምን ይጽፋል? የክርስትና ስሙን ነዋ! ገበያ ላይ የምንጠራበት ስም ሌላ፣ በጸሎትና በቁርባን የምንጠራበት ሌላ። የክርስትና ስም ለጎረቤት አይነገርም፤ መተተኛ ከሰማው ይጫወትብሃል እየተባልን ነው ያደግነው። ስለዚህ አገሩ ሁሉ፣ ከሊስትሮ እስከ ቀሲስ፣ የክርስትና ስሙን ጻፈ። እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ ብዬ የራሴን ትቼ የብርቱካንን ጻፍኩ። አንድ ቀን በጆሮዬ የነገረችኝን። እሱን ማን ያውቃል?

ቀጠሮው ሲቃረብ እህል አልወርድልህ አለኝ። በዚያው መተግበሪያ ላይ የቤተ ክርስቲያን ፎቶ የለጠፈ አንድ ገጽ አየሁ። «በጸሎት እንድናስባችሁ የክርስትና ስማችሁንና ጭንቀታችሁን ላኩልን» ይላል። ላሊበላ ቁጭ ብዬ፣ በካህን ተከብቤ፣ ጸሎት ፍለጋ ስልክ ውስጥ ገባሁ! ለቄስ ምስጋናው መንገር ይበቃኝ ነበር፤ ግን አፈርኩ። የእኔንም የብርቱካንንም ስም ጽፌ «አባቷ እሺ እንዲሉን ጸልዩልን» ብዬ ላክሁ፤ መልእክቱ ደግሞ ከነስልክ ቁጥሬ ነው የሚሄደው። ወዲያው «አሜን፣ ይደረግልህ» የሚል መልስ መጣ። ቀለል አለኝ።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ በማለዳ ወጡ። እኔ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ጣራ ጣራ አያለሁ። በወጉ አግቢው ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል እንጂ ሽማግሌ በተቀመጠበት ደጃፍ ድርሽ አይልም። ስልኬን ሳነሳ መተግበሪያው «በሌላ ስልክ ስለገቡ ከዚህ ወጥተዋል» አለኝ። እንዴ? ቃሌን አስገብቼ ተመለስኩ። አስወጣኝ። ደግሜ ገባሁ። አስወጣኝ። አንድ ወንበር ላይ ሁለት ሰው ሲገፋፋ እንደሚሆነው ሆነን ቆየንና በመጨረሻ «ቃሉ ትክክል አይደለም» አለኝ። ሌባው ቁልፉን ቀይሮ ከገዛ ቤቴ ዘጋብኝ።

ምን እንደተፈጠረ ገና ሳይገባኝ በራችን ተንኳኳ። ጎረቤታችን እትዬ አበራሽ ናቸው፤ ቋጠሮ ታቅፈዋል።

«ታዴዋ! እንኳን ደስ ያለህ የኔ ልጅ! ይቺን በርበሬ ለልጄ አድርስልኝ፣ አደራህን።»

«የት ነው የማደርሰው እትዬ?»

«ካናዳ ነዋ! ምነው፣ እኛ ምቀኛ ነን? ለምን ደበቅከን?»

ከኋላቸው እናቴ ገባች። አንድ ዓይኗ ይስቃል፣ አንድ ዓይኗ ያለቅሳል። «ለእናትህ ሳትነግር?» አለችና እልል ልትል ጀመረች፤ እልልታው መሃል ላይ «ታዲያ እኔን ማን ሊቀብረኝ ነው?» ወደሚል ልቅሶ ተለወጠ።

እትዬ አበራሽ ስልካቸውን አሳዩኝ። በእኔ ስም፣ ከነፎቶዬ፣ እንዲህ ተጽፏል፦ «ውድ ወዳጆቼ! የካናዳ ጉዳዬ ተሳክቶልኛል፣ በዚህ ወር እበራለሁ። እናንተም መሄድ ከፈለጋችሁ ከታች ያለውን ተጫኑና ቁጥራችሁንና ምስጢራዊ ቃላችሁን አስገቡ።»

ለማን ሄደ? ስልኬ ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ። ይህን ሳስብ አንድ ስም መጣብኝ፤ አያ ደምሴ!

አያ ደምሴ የብርቱካን እናት ወንድም ናቸው። ከመጀመሪያውም ዓይኔን ማየት አይወዱም። ልባቸውን ላራራ ብዬ በየበዓሉ አበባ ያለበት «እንኳን አደረሰዎ» እልክላቸው ነበር። አንድ ቀን መልሰው አያውቁም፤ ማንበቡን ግን ያነባሉ። ዛሬ ደግሞ ከመሪጌታ ጎን ተቀምጠዋል። መሪጌታ የሚፈሩት አንድ ነገር ነው፣ ልጁ ባሕር ማዶ ይሻገራል። ሌባው ከዓለም ውሸት ሁሉ መርጦ እሱን ጻፈልኝ!

ደወልኩ። ቄስ ምስጋናው ስልካቸውን ቤታቸው ትተውት ሄደዋል፤ ልጃቸው አነሳችና እሷም «እንኳን ደስ ያለህ» አለችኝ። ብርቱካን አታነሳም። ሽማግሌ በሚመጣበት ቀን ልጅቷ ስልክ ይዛ አትዞርም፤ እናቷ ወስደውባታል። ሱሪዬን እንደነገሩ አጥልቄ ወጣሁና ጓደኛዬን ጌትነትን ጠራሁት። ጌትነት ባጃጅ ነጂ ነው።

«ገነተ ማርያም! ቶሎ!»

«ምን ልትሠራ? ዛሬ እኮ ሽማግሌዎችህ እዚያ ናቸው።»

«ንዳው አቦ! መንገድ ላይ እነግርሃለሁ።»

ቅዳሜ ስለሆነ መንገዱ በገበያተኛ ሞልቷል። ባጃጇ ቀስ ባለች ቁጥር አንድ እጅ ይገባል፤ አንዱ ይጨብጠኛል፣ አንዱ «አትርሳን» ይለኛል። በግ የሚጎትት አንድ የሰፈራችን ሰው «ለስንብትህ ይቺ አትሻልም?» ብሎ በጉን አሳየኝ። እንዲህ የምወደድ ሰው መሆኔን ሳልሄድ ማወቄ ደስ ይል ነበር፣ ጊዜው ባይሆን።

ከገበያው ስንወጣ ጌትነት አኮረፈኝ። «እኔ ግን ታዘብኩህ። ካናዳ ስትሄድ ለኔ እንኳ አትነግረኝም?»

«ጌቴ፣ ካናዳ የለም! ሌባ ነው የጻፈው!»

ፍሬን ያዘ። «የለም?»

«የለም!»

«እኔ እኮ ተጭኜዋለሁ።»

«ቃልህን አስገባህ?»

«ጠየቀኛ! አብረን እንድንሄድ ብዬ ነው።»

ስልኩን አወጣ። «በሌላ ስልክ ስለገቡ ከዚህ ወጥተዋል» ይላል። ጌትነት ስልኩን አየ፣ እኔን አየ፣ ሰማዩን አየ። «አብሽር» አልኩት፣ «አሁን አንተም ካናዳ ገብተሃል።» ልቤ እየነደደ ሳቄ መጣ፤ እሱም ሳቀ። ዳገቱ ላይ ባጃጇ አቅቷት ስታቃስት ወርጄ ገፋሁ። የገፋሁት ባጃጅ ሳይሆን ብርቱካንን ይመስለኝ ነበር፤ ብለቃት ወደ ኋላ የምትሄድብኝ።

የመሪጌታ ግቢ ስንደርስ የብርቱካን እናት እማማ ዘነቡ ደጅ ነበሩ። ሲያዩኝ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ውይ በሞትኩት! አንተ ምን ልትሠራ መጣህ? በገዛ ሽምግልናህ?»

«እማማ፣ አያ ደምሴ ስልካቸውን አይተዋል?»

መልስ አላስፈለገኝም። ከውስጥ የአያ ደምሴ ድምፅ ይሰማል። ወንጌል እንደሚያነብ ሰው ጮክ ብለው፣ ቃል በቃል፣ «በዚህ... ወር... እበራለሁ» ይላሉ። ከዚያ የቄስ ምስጋናው ድምፅ፣ ያን ሁሉ ዘመን ሰምቼው በማላውቀው ድካም፣ «እኔ ያሳደግኩት ልጅ ነው። እንዲህ ያለ ነገር አልነገረኝም። ምን እላለሁ?» አለ።

እሱን መስማት አልቻልኩም። የእኔ ማግባት ይቅር፣ እኚህ ሰው በእኔ ምክንያት አንገታቸውን ሊደፉ? ወጉንም ትቼ፣ ጫማዬንም ሳላወልቅ ገባሁ።

ቤቱ ተተራመሰ። አንዱ ሽማግሌ «ኧረ በእመቤቴ!» ብለው አማተቡ። አያ ደምሴ ተነስተው «አየህ መሪጌታ! ለራሱ ሽማግሌ ሆኖ መጣ! ሊሰናበትህ ነው!» አሉ። ቄስ ምስጋናው ዓይኔን አላዩም።

መሪጌታ ብቻ አልተነሱም። ጋቢያቸውን አስተካከሉና «ተዉት። ይናገር» አሉ።

ያ ምላሴ፣ ድንጋይ የሚያናግረው፣ ተያዘ። «መሪጌታ... እኔ አልጻፍኩም። ካናዳ አልሄድም። ሌላ ሰው በስሜ ገብቶ ነው» ከማለት በቀር ምንም አልወጣልኝ።

«ፎቶህ ነው፣ ስምህ ነው» አሉ አያ ደምሴ፣ ስልኩን እያውለበለቡ። «ያው የበዓል አበባ የምትልክልኝ ሳጥን ነው! ማን ሊገባበት ይችላል?»

በዚህ መሃል ስልካቸው እጃቸው ላይ ጮኸ። አዩት። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ምንድን ነው?» አሉ መሪጌታ።

«እሱ ነው... ታደለ ነው የላከው። "ፍጠኑ፣ ቦታው እያለቀ ነው" ይላል።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሁለቱም እጆቼ ባዶ ናቸው፤ ስልኬን ባጃጅ ውስጥ ትቼዋለሁ። ስልኩ ሁለተኛ ጮኸ። አያ ደምሴ እንደገና አነበቡ፤ «ይሄ ደግሞ ገበያ የሚያመላልሰኝ ጌትነት የሚባል ባለባጃጅ ነው። እሱም ካናዳ ሊበር ነው።»

ጌትነት ከበሩ ራሱን ብቅ አድርጎ «ኧረ እኔ እዚህ ነኝ!» አለ።

መጀመሪያ የሳቁት ቄስ ምስጋናው ናቸው። ሳቁ ሲጋባ ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ አያ ደምሴ ብቻ ስልኩን እንደሚናከስ ነገር በሩቁ ይዘው ቀሩ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ መሪጌታም አልሳቁም።

«እሺ፣ ሌባ ነው» አሉ መሪጌታ። «ሌባ በር ሰብሮ ወይ ቁልፍ አግኝቶ ነው የሚገባው። እንዴት ገባብህ?»

«በቁልፍ ነው መሪጌታ። እኔ ነኝ የሰጠሁት።»

«ቁልፉ ምንድን ነው?»

«የክርስትና ስም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እናቶቻችን ያን ስም ከጠንቋይ ሲሰውሩ ኖሩ፣ እናንተ ለስልክ ሰጣችሁት። ላልታወቀ ሰው የክርስትና ስምህን ምን ብለህ ነገርከው?»

«ለጸሎት ብዬ።»

«ስለ ምን ጸሎት?»

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን አስግገዋል። «እርስዎ... እሺ እንዲሉን።»

አንዱ ሽማግሌ ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑ። መሪጌታ ከንፈራቸው ሊላወስ ሲል ያዙት። «ስለዚህ ሌባው የከፈተው በአንተ ክርስትና ስም ነው።»

እዚህ ላይ መዋሸት እችል ነበር። አዎ ብል ነገሩ ባለቀ። ግን ከዚያን ቀን ውሸት በኋላ ሌላ ውሸት መጨመር አስጠላኝ።

«አይደለም መሪጌታ። በብርቱካን ነው።»

ሳቁ ቆመ። እማማ ዘነቡ ደጅ ላይ «ወየው» ሲሉ ተሰማ። መሪጌታ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። ያን ስም ያወጡት የልጃቸው የክርስትና ቀን ነው፤ ከቤተሰቡና ከንስሐ አባቷ በቀር የሚያውቀው የለም።

«ለአንተ ማን ነገረህ?» አሉ በዝግታ።

እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ከጓዳው መጋረጃ በኩል ድምፅ መጣ። አልተንቀጠቀጠም። ክፍል ውስጥ ስታስተምር የምትናገርበት ድምፅ ነው።

«እኔ ነኝ የነገርኩት አባባ። ወድጄ ነው።»

ሽምግልና ላይ ልጅቷ አትናገርም። ማንም ይህን አጥቶት አይደለም፤ ግን የተቆጣም አልነበረም። መሪጌታ ጺማቸውን ያዙ።

«ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ስመልስ» አሉ በመጨረሻ፣ «ልጁ ይሄዳል ብዬ ሰጋሁ፣ አያትና ቅድመ አያቱን ጠየቅኩ፣ ደምሴን አማከርኩ። ልጄን አንድ ቀን አልጠየቅኳትም። ለካ እሷ ስሟን ከሰጠችው ሰንብታለች። የክርስትና ስሟን የሰጠችውን ሰው እኔ ምኗን ልከለክለው ነው?»

ወደ ቄስ ምስጋናው ዞሩ። «ቄስ ምስጋናው፣ ይቀመጡ። ልጄን ሰጥቻለሁ።»

እማማ ዘነቡ ደጅ ላይ ያቀለጡትን እልልታ ላሊበላ ያለችው እናቴ ሳትሰማው አትቀርም። ጌትነት የባጃጇን ጥሩምባ ነፋ። ቄስ ምስጋናው አንገቴን አቅፈው ግንባሬን ሳሙኝና በጆሮዬ «ጸሎት ከፈለግህ እኔ አልሞትኩም እኮ» አሉኝ። አያ ደምሴ እንኳ ቀስ ብለው መጡና ስልካቸውን ዘረጉልኝ። «እስቲ ይሄን ነገር አጥፋልኝ» አሉ፣ «እኔም ትንሽ ተጭኜዋለሁ።» ለካ ካናዳ ሊሄዱ ነበር!

መውጫው ላይ መሪጌታ ጠሩኝ። «ልጅ ታደለ፣ ያን ቁልፍ ቀይር። ሁለተኛ የልጄን ስም በር ላይ እንዳላይ።»

ያን የመተግበሪያ ገጼን መልሼ አላገኘሁትም። ሳምንት ሳይሞላ የከተማችን ሰው ግማሹ ካናዳ «ሄዶ» ስለነበር ሁላችንም ተውነው። ቄስ ምስጋናው ከቅዳሴ በኋላ «የክርስትና ስማችሁን ለጸሎት ስትሰጡ ፊቱን ለምታውቁት ካህን፣ በአፋችሁ ስጡ» ብለው አስተማሩ። እኔም ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እንግዳ ከሌለኝ ገበያው ዳር ቁጭ ብዬ የሰዎችን ስልክ አያለሁ፤ ቃላቸውን ራሳቸው እንዲቀይሩ አሳያቸዋለሁ፣ በሌላ ስልክ ሲገባ ኮድ የሚጠይቀውን መከላከያ እከፍትላቸዋለሁ። ሲጽፉ ፊቴን አዞራለሁ። ምላሴ ለድንጋይ ብቻ ሳይሆን ለሰውም ጠቀመ ማለት ነው።

እናንተም ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ እስቲ ለአፍታ አስቡት። ስልካችሁን የሚከፍተው ቃል ምንድን ነው? የልጃችሁ ስም ነው? የትውልድ ዓመታችሁ? «ማን ያውቀዋል» ያላችሁት? እኔም እንደዚያ ነበር ያልኩት። ለእኛ ምስጢር የሆነው ነገር ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ሌባው የእኔን ምስጢር ለማግኘት እኔን ማወቅ አላስፈለገውም፣ አገሬን ማወቅ በቃው። የሚላክላችሁን ኮድ ደግሞ የነፍስ አባታችሁ ነኝ ብሎ ቢጽፍላችሁ እንኳ አትስጡ። የነፍስ አባት ኃጢአት ነው የሚጠይቀው፣ ኮድ አይጠይቅም።

የተጋባነው በዚያው ዓመት፣ ከጾም በፊት፣ በተክሊል ነው። እኔና ብርቱካን ካባ ለብሰን፣ አክሊል ደፍተን ቆመናል። ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሏል፤ እትዬ አበራሽ አሉ፣ አያ ደምሴ አሉ፣ ጌትነት ሚዜ ነው። ካህኑ ጸሎቱን ሲያደርሱ፣ እንደ ሥርዓቱ፣ የሁለታችንንም የክርስትና ስም ጮክ ብለው ጠሩ። ያ በጆሮ የተነገረኝ፣ ሌባ የሰረቀው፣ አባቷን ያሸነፈው ስም በሕዝቡ ሁሉ ፊት ተሰማ። ሌባዬን ምሳ የምጋብዘው ለዚህ ነው።

ከኋላዬ አንድ ሰው ጎንበስ አለና ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። መሪጌታ ናቸው።

«ቁልፉን ቀይረኸዋል አይደል?» አሉኝ።